ኖራ

ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ከፒያሳ መታጠፊያ፣
ጣልያን የገነባው አንድ ግድግዳ አለ፤
እኔ የማውቀው እንኳ
ስድስት ጊዜ ታጥቦ አምስት ጊዜ ማለ።

የዛሬን አያድርገውና ቀለም በጥባጭ ነበርሁ፣
የጋሽ እንዳላማው መሰላል ያዥ፣ ብሩሽ አጣቢ፤
እሱ ደግሞ በደብር ያደገ፣
መልአክ ነዳፊ፣ ሰይጣን ቀቢ።
«ሕጉ ይኸው ነው» ይለኝ ነበር፣
«ጻድቅ ፊት ለፊት ነው፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤
ኃጥእን በጎን አዙረህ ባንድ ዓይን ትስለዋለህ፣
ተያይታችሁ እንዳትግባቡ።
ሌላ ሌላውን እጅህ ይነግርሃል።»

አብዮቱ መጣ። ካድሬው መጣ፣
በኪሱ እጥፍ ወረቀት፣ በወገቡ ሽጉጥ፤
«ይህችን ክብሪት የምታህል ስዕል
እስከ ዓርብ ግድግዳ አሳክላት» አለ፣ ሳይቀመጥ።

ሦስቱን ባለ ጢም ፈረንጆች ጎን ለጎን ደረደርናቸው።
ቅዳሜ ገበያ የወጣች አንዲት የጭልጋ ባልቴት
ነጠላዋን አጣፍታ ተሳለመቻቸው፦
«ሥላሴን ከደብራቸው ማን አወረዳቸው?»
ካድሬው መሳቅ አማረው፤
ሳቅ ግን ገና መመሪያ አልወጣለትም ነበር።

ከነሱ ሥር ወዛደር ይሳል ተባለ፣
ደረቱ የፈረጠመ፣ ጡጫው ሰማይ የነካ፤
ወዛደር ከየት ይምጣ
በሌለበት ፋብሪካ?
ጋሽ እንዳላማው ገላውን ጨርሶ አንገቱ ላይ ቆመ።
ሦስት ቀን ፊት አጣለት።
በአራተኛው ጠዋት መሰላሉን ወጣ፣
እኔንም ማንንም ሳያይ ሠራ፣
ቀና ብል እጄ ላይ ቀለሙ ደረቀ፦
ይታየው ነው።
የአትጠገብ ልጅ፣ ይታየው፣
ከአሥራ አንደኛ ክፍል፣ ከሒሳብ ላይ አንስተው
«ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል» ብለው የወሰዱት፤
ግራ ቅንድቡ ላይ፣ አንገረብ ሲዋኝ ድንጋይ የመታው
ያች ጠባሳ ሳትቀር።
የወሰደው ካድሬ ራቅ ብሎ አየና
«ቆራጥ ፊት!» አለ።

እናቱ ከቀበሌ ሱቅ ላምባ ይዛ ስትመለስ ቆመች።
ማልቀስ ያስጠይቅ ነበር፤ አላለቀሰች።
«ገላው የሱ አይደለም» አለችኝ ዝቅ ብላ፣
«ማን አብልቶት እንዲህ ደነደነ?
ዓይኑን ግን ሁለቱንም ሰጣችሁት።»

ከዚያ ወዲያ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር
ከሁሉ ቀድማ ወጥታ ጡጫዋን ታነሳ ነበር፤
ሊቀመንበሩ «የነቃች እናት» ብሎ አጨበጨበላት፣
ለማን ሰላምታ እንደምትሰጥ ሳይጠይቃት።

ደግሞ አንድ ግንቦት በአዘዞ በኩል ሌላ ጫማ ገባ።
«አጥፉት» አሉ። ጋሽ እንዳላማው አፈር ገብቷል፤
ባልዲውን የያዝሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።
መሰላሉን የያዘችልኝ እሷ።
«ከእግሩ ጀምር» አለችኝ፣
«ዓይኑን ኋላ።»

በላዩ ርግብ ተሳለ፣ ከርግቡ ላይ ግድብ፣
ከግድቡ ላይ የሚስቅ ሰው፣ የሚስቀው ሰው ተቀደደ፤
አሁን ጎረምሶች ሌሊት ይጽፋሉ፣
ሲነጋ ሌሎች ጎረምሶች ይደመስሳሉ፣
የሚረጨው ቀለም ግን ከአንድ ሱቅ ነው፣ ባለሱቁን አውቀዋለሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ ዝናቡ በጎን መታ።
ግድግዳው እንደ ሽንኩርት ተላጠ፣
ከሁሉም በታች ጠባሳዋ ብቅ አለች፣
ከሥሯም ዓይን፤
አንድ ዓይን ብቻ።
በጋሽ እንዳላማው ሕግ ከሄድን ኃጥእ መሰለ ልጁ።

አትጠገብ ሰማንያ አልፏታል። ክንዷን ይዤ አመጣኋት።
የተላጠውን በጥፍሯ ነካ አደረገች፣
ፍርፋሪው በነጠላዋ ላይ ነጣ።
«ሌላኛው ዓይኑስ?» አልኋት።
«ኖራ ነው» አለች።
እሷም ያየችው
ኖራ ነው።