ከባድ ነገር ሲዞር

ሬሖቮት፣ ምድር ቤት፣ ዐርብ ሊነጋ ሲል፤
መስኮት የሌለው፣ ጥቁር መጋረጃ የለበሰ ክፍል።
ውጭ ሙቀት ነው፣ ከበረሓ የመጣ አቧራ፤
እዚህ ግን ብርድ፣ እዚህ ግን ሌዘር፣ የሌሊት ሥራ።
ጠብታዋን በመስታወት መሐል አስተኝቼ
ቁጭ ብያለሁ፣ ራቴን ረስቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
አንድ ትልቅ ሞለኪውል፣ የቫይረስ ቅርፊት እንበለው፣
ውሃ ውስጥ ይዞራል፣ ማንም በጣት ሳይነካው።
ምን ያህል ከብዷል? ከማን ተጣብቋል? ብቻውን ነው ወይ?
መልሱ አዟዟሩ ውስጥ ነው፤ አዟዟር ግን እንዴት ይታይ?

አረንጓዴ መብራት እንሰፋበታለን፣ እንደ ጥለት፣
ከባሕር እንስሳ የተወሰደ ብልሃት።
ተራው መብራት ግን ችኩል ነው፤
ከበራ ወዲያው ይጠፋል፣ ጥቅሻ ለሱ ዘመን ነው።
ትንሿ ሞለኪውል በዚያች ቅጽበት ዞራ ተመልሳለች፤
ትልቁ ገና ትከሻውን ሊያነቃንቅ ሲያስብ
መብራቱ ያልቃል፣
ወረቀቱም ላይ "አይንቀሳቀስም" ተብሎ ይጻፋል።

ስለዚህ ሌላ ዓይነት መረጥን፤ የሚበራ፣ የሚተኛ፣
እስኪጠሩት በጨለማ የሚቆም፣ ታማኝ ዘበኛ።
መጀመሪያ ሐምራዊ ጨረር፣ ባንድ አቅጣጫ የተወጠረ እንደ ድር፤
በሱ መስመር የተጋደሙትን ብቻ ይቀሰቅሳል፣ ለይቶ ከመንደር።
ማግ ሆኖ የተጋደመው እንደተኛ ይቀራል።
ከዚያ ጨለማ። ከባድ ነገር ጊዜ ይፈልጋል።
ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን፦
አሁንስ ፊትህ ወዴት ነው?
ድርህ ምን ያህል ተዛባ? ስንቱስ ክር ማግ ሆነ?

ድርና ማግን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም።
አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እዚህ አገር ግን
መወርወሪያ የጨበጠበት ቀን የለም።
ስሙ እንየው ነው። ኤርፖርት ላይ ጸሐፊው
ቀና ሳይል "ያኢር" ብሎ ጻፈው፤
"ያበራል" ማለት ነው። የቱን መብራት፣ አልነገረው።
ሠላሳ ዓመት ብርቱካን አሸገ፣ ካርቶን አጠፈ።
በአምስተኛው ወር አንዲት ባለሙያ፣ ሰዓቷን እያየች፣
"ለውጥ አይታይበትም" ብላ ማኅደሩ ላይ ጻፈች።
ወረቀቱን ዘንድሮ አገኘሁት፣ ከደም ግፊት መድኃኒቱ ሥር፣
አራት ቦታ ታጥፎ፣ እንደ ገንዘብ ሲቀመጥ የኖረ ምስጢር።

ባለፈው ክረምት፣ በሰባ አንድ ዓመቱ፣
የኤሌክትሪክ ሒሳብ መጣ።
ደረጃው ላይ ቆሞ አነበበው፣ በዕብራይስጥ፣
በጥፍሩ መስመር በመስመር እየተከተለ፤
"ተሳስተዋል፣ አንዱን ወር ሁለቴ ቆጥረዋል" አለ።
ተሳስተው ነበር።

ሲነጋ ስልኬ ጮኸ።
"ለሰንበት ትደርሻለሽ?"
"አላለቀልኝም አባ፤ ከባዶቹ ገና እየዞሩ ነው።"
ዝም አለ። ሲስል ሰማሁት።
"ያ መብራትሽ፣ ስታጠፊው ይሞታል?"
"የለም፤ ያርፋል። እስክጠራው ያርፋል።
ብዙ ጊዜ ከቀሰቀስሁት ግን ይደክማል፣ ይነጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይነሣም።"
"እንግዲያ አታዋክቢው" አለና
ስልኩን ሳይሰናበተኝ ዘጋ፣ እንደ ልማዱ።

ስክሪኑ ላይ መስመሩ ወረደ፤ ቀስ ብሎ፣
ከጥግ ወደ ጥግ ሽማግሌ እንደሚሻገር አደባባይ።
ይፍታሕ ሻንጣውን እንዳነገተ ገባ፣ በትከሻዬ በኩል አየና
"የተበላሸ ነው፣ እንዲህ የዘገየው" አለኝ።
አይደለም። ሦስቴ ደግሜዋለሁ።
የሌዘሩን ቁልፍ መለስሁ። ማራገቢያው ጥቂት አጓራና ተወ።
ኮምፒዩተሩ ፋይሉን በምን ስም ላስቀምጠው ሲለኝ
እንየው አልሁት።