የጨው ቤቱ ማኅተም

እኔ ጸሐፊ ነኝ የአልዩ አምባ ኬላ፣
ስንት ሹም ሲሾም ያየሁ፣ ስንት ሹም ሲበላ፣
ከሸንበቆ ብዕር፣ ከጥላሸት ቀለም
ሳልለይ የኖርሁኝ፤ ሌላ ርስት የለኝም።

በሰኔ መባቻ ቀኛዝማች ዘውገ
ከአንኮበር ወርዶ አዲስ ሕግ ደነገገ፦
"ካንድ ግመል ጭነት ሁለት አሞሌ ጨው
ለኬላው ይቆጠር፤ እምቢ ያለ ይየው!"

ገበያው ዝም አለ። ሐጂ ኑርሁሴን ብቻ፣
(ከሐረር ሲመጣ ሀብቱ አንድ ስልቻ፣
ዛሬ የአምባው ግማሽ ባለ ዕዳው የሆነ)
ጢሙን እያሻሸ ለሹሙ አዘነ፦
"ሹም እንደ ደመና፣ መጥቶ ያልፋል ልጄ፤
እኔ ግን እዚሁ ነኝ፣ ጨው አለ በደጄ።"

ዓርብ ገበያ ቀረ። ግመሉ ከቆላ
አልወጣም ብሎ ተኛ፤ ባዶ ዋለ ኬላ።
ቀኛዝማች ተቆጣ፤ ሰም አስቀልጦ መጣ፣
ጨው ቤቱን አተመው፣ ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ጧት ለሹሙ ጻፍሁ፦ "ሐጂ መንግሥት ከዳ።"
ማታ በጓሮ በር፣ ከሐጂ እልፍኝ ጓዳ፦
"ሹሙ ገበያ ዘጋ፣ ድሀ አስለቀሰ።"
ያው ቀለም፣ ያው ብዕር፤ ጣቴም አልወቀሰ።
ሁለቱም ከፈሉኝ። ሁለቱም አመኑኝ።
(ነውሩን ታውቁታላችሁ፣ ደግሞ አታስቆጥሩኝ።)

ክሱ በእግሩ ሄደ ወደ አንኮበር ችሎት፣
መልሱ በሰጋር በቅሎ፣ ማር ተጭኖለት።
ዳኞቹም ቀጠሩ ለሳምንት፣ ለወር፣
የማሩ ጉንዶ እስኪጎድል፣ ሌላ እስኪጨመር።

ሐምሌ ገባ።
                    ዝናብ።
የጨው ቤቱ ክዳን፣ ካምና ያልታደሰ፣
ባንድ በኩል ተነቅሎ በሌላው አፈሰሰ።
ቤቱ የሐጂ ነው፣ ማኅተሙ የሹሙ፤
እፍኝ ሣር ሊያለብስ ማን ይድፈር በስሙ?

ዘቡ ሌሊት ጠራኝ፦ "ና እይ ይህን ጉድ!"
ከበሩ ሥር ነጭ ወዝ ይወርዳል በመንገድ፤
የባልቴቷ አህያ፣ የአንጥረኛው ፍየል
ቀረጥ ሳይከፍሉበት ይልሱታል በእኩል።
"ላባርራቸው?" አለኝ ጦሩን እንደያዘ።
"በማን ትእዛዝ?" አልሁት፤ ቆመ እንደ ፈዘዘ።

ጳጉሜ ላይ ፍርድ መጣ፦ ቀኛዝማች ተሻረ።
ሐጂም ባደባባይ ማኅተሙን ሰበረ፤
ገባ። ቆየ። ወጣ። በጁ እርጥብ ሰሌን።
የረታው ምን እንደሁ ጠየቀ እኔን።

በመስከረም ደግሞ ሌላ ሹም ወረደ፤
"ጸሐፊው ማነው?" አለ፣ እንደ ተለመደ።
መዝገቡን ልገልጥ ጣቴን ላስ አደረግሁ፤
ጨው ጨው አለኝ።
                    ጻፍሁ።