ዞረ

ኡም አል ቁወይን፣ ከኾሩ አፍ ዳር፣
በኮንቴይነር ቤት፣ ከሚያንኮራፋ ኤሲ ጋር፣
ሌሊቱን ዓሣ እቆጥራለሁ።
ዓርብ ስንገናኝ የአገሬ ልጆች «ሥራሽስ?» ሲሉኝ ይኸንኑ እላለሁ፤
ይስቃሉ፦
«ለካስ ዓሣም ዘበኛ አለው!»

«ዓሣ ታውቂያለሽ?» ነበር ያለችኝ ስትቀጥረኝ ዶክተር ቢንዱ፤
«አባቴ ጫሞ ላይ መረብ ይጥል ነበር» አልኳት፤ በቃ፣ ይኸው ነው ጉዱ።

ከታች፣ ከስምንት ሜትር ውሃ ሥር፣ መዘውር ተተክሏል፤ ቁመቱ የሰው እጥፍ፣
ሙላቱ ሲገባ ወደ ግራ፣ ጉድለቱ ሲወጣ ወደ ቀኝ የሚከንፍ።
መብራት ይወጣዋል አሉ። መብራቱን እኔ አላየሁትም።

ሦስት ቃል ተሰጥቶኛል፦ አለፈ። ዞረ። ተመታ።
ከጎኑ ሰዓቱ፣ ርቀቱ፣ የውሃው ፍጥነት በተርታ።
«ተመታ» ላይ አንዴ ብቻ ጽፌ ሲነጋ ሰረዝኩት፤
ፌስታል ነበር ለካ፣ ዓሣ ብዬ ያለቀስኩለት።

የቀኑን ቅጂም አያለሁ። በቀን ከሩቅ ያውቁታል፤
ሻሪው መንጋውን አስከትሎ መጥቶ፣
አሥር ክንድ ሲቀረው እንደ መጋረጃ ለሁለት ተከፍቶ፣
ወዲያ ማዶ ይገጥማል፤ አንድም አልጎደለ።
ሃሙር ብቻውን ነው። ቆመ። አየ።
ፊቱን አዞረና ገለል አለ።

ማታ ካሜራው ይታወራል፤ በድምፅ ነው የማያቸው፣
የጤፍ ፍሬ ያህል ቢጫ ነጥብ ናቸው።
ክንፉ አይታያቸውም፤ ይቀርባሉ፣ እጅግ ይቀርባሉ፣
አንድ ክንድ ሲቀር አንድ ነገር ይሰማሉ፤
በጎናቸው ይሆን፣ በአጥንት፣ በቆዳ፣
ውሃው ይሆን የነገራቸው፦ «ከፊታችሁ አለ እንግዳ»?

ይህን አውቀዋለሁ። ሻርጃ፣ የመጀመሪያው ቤቴ፣
የእመቤቲቱ ቁልፍ ከሊፍቱ ሳይወጣ ይሰማው ነበር አንገቴ፤
ከሳሎን ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ ጓዳ፣
ሁለት ዓመት ዞርኩ። አልተመታሁም።
በየትኛው አምድ እንደምገባ ግን አላውቅም።

በሙላትና በጉድለት መካከል ውሃ የሚቆምባት ሃያ ደቂቃ አለች።
መዘውሩ ይዘገያል፣ ይንቀራፈፋል፣ ያርፋል፤
ያኔ ይገባሉ፤ ሳፊው ከክንፉ ላይ አረንጓዴውን ሽበት ይግጣል፣
ጥቃቅኑ ከእምብርቱ ሥር እንደ ቅዳሜ ገበያ ይሰበሰባል።
ሲዞርም ቢሆን ከጀርባው ጥግ አለ፤ ጅረቱ የተሰበረበት፣
የደከመ ዓሣ አፉን ወደ ውሃው መጪ አድርጎ የሚያርፍበት።

ይህን ነው ለኸልፋን የነገርኩት።

ኸልፋን ሰባ ዓልፎታል። ጀልባው ትንሽ ናት፣ ሞተሯን ሳል ይዟታል፤
መዘውሩ ዓሣዬን አባረረብኝ ብሎ ማዘጋጃ ቤት ተመላልሷል።
አንድ ማለዳ፣ ከሥራ ስወጣ፣ «ሞቱ ወይ?» አለኝ።
«አልሞቱም አባ፤ ዞሩ እንጂ። ከኋላው ያርፋሉ።»
በተሰባበረ ዓረብኛ። ላጽናናው ብዬ ነበር፤ አሳዘነኝ።

በሳምንቱ፣ ከምስሉ ጠርዝ፣ ክንፉ ከማይደርስበት፣
የሽቦ ቅርጫት ጥላ፣ ከላዩ ገመድ ያለበት።
ገርጉር።
ያ ሻሪ፣ ከክንፉ ያመለጠው፣ አሥር ክንድ ርቆ የዞረው፣
ትንፋሽ ሊሰበስብ መጥቶ፣ በጠባቡ በር ገባ፤
ማንም አልገፋው፣ ማንም አልጠራው።

ቅጹን አየሁት። ሦስቱ ቃላት እንዳሉ ናቸው።
«ዞረ» ብዬ ጻፍኩ። ዞሯል እኮ!

ጠዋት ከበሬ እጀታ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤
ሁለት ሻሪ፣ ዓይናቸው ገና ያላረጀ።
አንዱን ለሻፊቁል፣ ለኬብሉ ሠራተኛ፣ ሰጠሁ፤
አንዱን ጠበስኩ። ይጣፍጥ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ?

ዛሬ ሌሊት፣ ውሃው ሊቆም አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣
አንዲት ቢጫ ነጥብ ከጨለማው መጣች፤
ከፊቷ ክንፉ፣ ከወዲያ ገመዱ፤
አላለፈች። አልዞረች።
ቆመች።
እኔም እርሳሴን ከወረቀቱ በላይ አንስቼ
እስክታስብ እጠብቃታለሁ።