የሚዋጥና የሚተፋ

በቅርያት ማላኪ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሳይበረታ ፀሐይ፣
ደረጃውን ወጥቼ (አሳንሰሩ ቆሟል)
በሩን ስቆረቁር ሳል ከውስጥ ይሰማል።
«ማነሽ?» ይሉኛል፤ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ፤
አባ ጓንጉል ግን በየቀኑ ይጠይቃሉ።

ሥራዬ ማየት ነው፤ ቆሞ ማየት ብቻ፣
ኪኒኑ ሲሻገር የጉሮሮ ዳርቻ።
ልጅ የዳሩ፣ ሸንጎ የዳኙ ሽማግሌ፣
«ምላስዎን ያንሱ» ስላቸው በቃሌ
ያፍራሉ። አፍራለሁ። ካርዱ ላይ በእርሳስ
አንዲት ጭረት ብቻ፣ እስከ ነገው ድረስ።

ሐኪሙ በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ፣
መካከል የቆምኩኝ ተራ መልእክተኛ።
የከተማው ስምም «መላእክት» ነው አሉ፤
ክንፍ የሌለኝ እኔ፣ በእኔ ያልፋል ቃሉ።

«ሳንባ ነቀርሳ» ስል፣ የመጀመሪያው ቀን፣
በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ አፋቸውን።
ቆይተው አሉኝ፦
«ወገራ ላይ ሳለን፣ ጎረቤት ሲጠራን
‹አትንኩኝ› ነበረ ያወጣልን ስማችን።
ከገበያ ውለን ስንመለስ ማታ
ወንዝ ሳንወርድ በፊት ቤት አይገባም ላፍታ።
ዛሬ ደግሞ ልጄ ኩባያዬን ለይታ፣
ሳህኔን ለይታ፣
‹አትንኩት› ትላለች። ይኸው ስሜ ዞረ።»

ኩባያው አይደለም፣ አልኳት፣ ያስቸገረ።
ማንኪያው አይደለም፣ ጋቢውም አይደለም፤
በእጅ በመጨበጥ ይህ በሽታ አይጋባም።
በሳል የተረጨ፣ ባየር የተንሳፈፈ፣
በተዘጋ ክፍል ከሰው ሰው ያለፈ፣
እሱ ነው ጠላትሽ። መስኮቱን ክፈቺው።
ከፈተች። የብርቱካን አበባ ሽታ ነው
መጀመሪያ የገባው።

በሳምንቱ ሳቁ፦ «ሽንቴ ምን ሆነብኝ?
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርቱካን ለቅሜ፣
ዛሬ ከውስጤ ወጣ!» መድኃኒቱ ነው፣ አልኩ፤
ቀለሙ ነው፣ አይፍሩ።

ከዚያ የስም ዝርዝር። ነርስ ላሪሳ ጻፈች፦
ማን አብሮዎት በላ? ማን አብሮ አደረ? አለች።
ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጅ፣ የሚኒባሱ ሾፌር፣
በጸሎት ቤት ከጎን የሚቀመጥ ማኅበር፤
እና አንድ ስም ዋጡ። ጉሮሯቸው ሲነቃነቅ
አየሁ። ኪኒን አልነበረም በእጃቸው።

ሳሉ እየቀለለ፣ ፊታቸው እየሞላ፣
«ድኛለሁ» አሉኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ፤
«ጨጓራዬን ላጠኝ፣ ይበቃኛል።» እምቢ፣ አልኩ፤
የተረፈው ጀርም መድኃኒቱን ለምዶ
ሲመለስ፣ ይህ ኪኒን ጥይት የለው፣ ባዶ።

በአርባ አንደኛው ጠዋት ኪኒኑን ዋጡና፣
ያን የዋጡትን ስም ተፉት እንደገና፦
«አጣናው ነው» አሉ። «የዳማ ባላጋራ።
ክረምቱን በሙሉ አንድ ላይ ከሱ ጋራ
ከሕንጻው በታች፣ ሚክላቱ ውስጥ ነበርን፤
መስኮት የለው ክፍሉ፤ ለብርዱ በር ዘጋን።
ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ አዳራሽ ይዟል፤
‹የሳል ዘር ናት› ካሏት ሙሽራው ይሸሻል።»

ላሪሳ ወጋችው ከክንዱ ቆዳ ላይ፣
ከሁለት ቀን በኋላ በማስመሪያ ልታይ።
እብጠቱ ሰፊ ነው፤ ራጁ ግን ንጹሕ።
ሐኪሙ «ስውር» አለ፤ እኔ «ተኝቷል» አልኩ።
«እንግዲያ አትቀስቅሱት!» አጣናው ሳቀና
ከዚያች ቀን ጀምሮ ዋጠ እሱም እንደኛ።
ልጁን ዳረ። እስክስታ ወረደ። ማንም
ሙሽራው ስለምን እንዳልሸሸ አልጠየቀም።

መቶ ሰማንያ ጭረት፤ ካርዱ ሞላ ዛሬ፤
ባዶ ሳጥን ይዤ ተነሣሁ ከወንበሬ።
አባ ጓንጉል ግን አፋቸውን ከፍተው፣
ሳልጠይቃቸው ምላሳቸውን አንሥተው
ቆዩ። ቆየሁ እኔም።
«ከነገ ጀምሮስ» አሉ፣ «ማን ሊያየኝ ይመጣል?»
አንድ ኪኒን ቀረ ብዬ ብዋሽስ ምን ይለኛል?

ደረጃውን ስወርድ ጆሮዬን አቆምኩኝ፤
ሳል የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤
ሦስት ጊዜ ቆሜ ወደ ላይ አየሁኝ።