ቀጥ ያለች ብረት

ይህቺን ብረት የቀረጽኳት እኔ ነኝ፣ በሌሊቱ ፈረቃ፣
ኮምቦልቻ፣ አለቃው አንቀላፍቶ ቶርኖው ብቻ ሲነቃ።
ከተጣለ ዘንግ ቆረጥኳት፣ ስንዝር የማትሞላ፤
በጥበቃው ፊት አለፈች፣ ከምሳ ዕቃዬ ኋላ።
ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸኋት፣ መዳፌ ላይ፣
ጥርሴ እስኪታየኝ፣ የተሸረፈው ሳይቀር እስኪታይ።

ሽበሺ ጊታሩን ደረቱ ላይ አያቅፍም፤
እንደታመመ ልጅ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ትኩሳቱን ሲለካ አያርፍም።
ደሴ ፒያሳ ነው ያገኘው፣ ባንዱ የተበተነ ሆቴል ዕቃ ሲሸጥ፤
ወንበር ሊገዛ ነበር የሄደው፤ ይኸው ይኖራል፣ ሳጥን ላይ ሲቀመጥ።

ስድስት ክር። አንገቱ ላይ የተሰመረው መስመር
ለዓይን ነው፤ ሥዕል ነው እንጂ አይደለም አጥር።
ብረቷን ከላይ እስከ ታች ሲስባት ቁልቁለቱ ይመጣብኛል፦
አይሱዙ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ከደሴ ሲወርድ፣
ጦሳን ትቶ ከነጭጋጉ፣ ከነብርድ፤
ደጋው የት አለቀ? ሙቀቱ የት ጀመረ?
ሹራቡን ያወለቀባትን ኩርባ ከተሳፋሪው ማን ቆጠረ?

ግን ቀጥ ያለች ናት የኔ ብረት። እንደ ጣት አትታጠፍም፤
አንዱን ክር ተጭና ሌላውን ምራ አታልፍም።
የጃዝ ኮርድ ደግሞ ጠማማ ነው፤ ሦስቱ ሲስማሙ
አንዱ ጥግ ይዞ ያኮርፋል፤ እሱው ነው ደግሞ ጣዕሙ።
«በቀጥ ያለ ብረት እንዴት ጠማማ ይመታል?» አልኩት።
ቁልፉን እያዞረ፣ «ጠማማውንማ ክሩ ላይ አኖርኩት» አለኝ፤
«ቅኝት ማለት እኮ ይኸው ነው፣ ወንድሜ፤
ከክሩ ጋር የተስማማሁት፣ ገና ሳልነካው፣ ቀድሜ።»

ለቦሌሮ አንድ ቅኝት አለው፣ ለቦሳ ኖቫ ሌላ፤
ለማምሻ ጃዝ ሦስተኛውን ክር ግማሽ ድምፅ ያወርደዋል፣ እንዲላላ።
ስማቸውን በእርሳስ ጽፎታል፣ የሲጋራ ካርቶን ጀርባ፦
«ገራዶ»፣ «ሰኞ ገበያ»፣ «የሐይቅ መንገድ»፣ «የሽቅብ ኩርባ»፣
ከታች ደግሞ «ዘሐራ»።
ዘሐራ ማን እንደሆነች ጠይቄው አላውቅም።
ያን ቅኝት ቀን ላይ አይቃኘውም።

«ባቲ እዚሁ ቅርብ፣ አምባሰል እዚያው ማዶ፤ ምን አጣህ?» ይሉታል።
«እነሱማ የቤት ናቸው» ይላል፤ «እንግዳ ሲመጣ ግን አልጋ ይለቀቃል።»

የማቅለሚያ ክፍሏ ይርገዱ ጡረታ የወጣች ማታ፣
ቦርከና ዳር፣ ቆርቆሮ ጥላ ስር፣ የሰው እግር ገና ሳይፍታታ፣
ለማምቦ ሲያጠብቀው ቀጭኑ ክር፦ ጧ!
እንድሪስ ጀሪካኑ ላይ እጁን እንዳነሣ ቀረ።
ምትክ ደሴም የለ፣ እዚህም የለ፤
ያለው አዲስ አበባ፣ ያውም ካለ።
ሽበሺ አልተነሣም፣ አልተቆጣም፣ «ይቅርታ» አላለም፤
ጆሮውን እንጨቱ ላይ ጥሎ፣ እንደ ሐኪም፣
ሁለቱን አላላ፣ አንዱን ወጠረ፤
አምስት ቀረ።
አምስት! በዚህ አገር አምስት ድምፅ አንሶት ማን ሳይዘፍን ቀረ?

ማምቦው ግን ማምቦ አልሆነም። ተንቀረፈፈ፣ መሃል ላይ ቆመ፣ አቅጣጫ መረጠ፤
በባቲ በር ገባ ስንል፣ ስም በሌለው መስኮት አመለጠ።
ይርገዱ ተነሣች፣ የሠላሳ ዓመት ሰማያዊ ከጥፍሯ ስር ይዛ።
ትከሻዋ አንድ ነገር ፈለገ፣ ወገቧ ሌላ፤
ሁለቱም አገኙ።

ክሩን እኔ አስመጣሁለት፣ በሹፌር እጅ፣ በፖስታ።
እስካሁን አልፈታውም፤ ከሳጥኑ ስር ነው፣ እንደተጠቀለለ።
ካርቶኑ ላይ ከዘሐራ በታች አንድ መስመር ተጨምሯል፤
ስም የለውም፤ አምስት ነጥብ ብቻ፣ አንድ ቦታ ባዶ።

እኔ ሌሊት ሌሊት ቶርኖዬ ጋ ነኝ።
መቁረጫው ብረቱን ሲነካ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤
ግማሽ ድምፅ ይሆን? ወይስ ከዚያም ያንሳል?
ነገ ልጠይቀው ይገባኛል።