የወይራ ቅጠል ጀርባ

ከፈረስ መጋላ ያመጣሁት ቀለም
ጣሳው ሲከፈት ጮኸ።
ግማሽ ግድግዳ ቀብተን ቆም ብንል
ቤቱ የአረፋ ገበያ መሰለ።

እኔ ያልኩት ይሄን አይደለም፤
የወይራ ቅጠል ስትገለብጪ
ከጀርባው የሚተኛ፣ አመድ የነካው፣
ዝናብ የዘገየበት አረንጓዴ ነው።

አው ሙክታር ብሩሹን አስደግፈው
"ኖራ እንጨምርበት" አሉ።
ነጣ እንጂ ዝም አላለም።
ጥላሸት ጨመርን፤ ታመመ።

"የእናትሽ ቀይ አፈር ተርፏል?"

ተርፏል። በማሰሮ፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ፣
ረመዳን ሊገባ ሲል መደቡን የምትቀባበት፤
ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን ሳልሰድበት።

አንድ ማንኪያ። በእንጨት አማሰሉት።
አረንጓዴው ሰማ፤
ሕፃን እንደተኛበት ቤት
ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ማታ እህቴ ረምዚያ ከድሬ መጥታ
ጫማዋን አውልቃ ደፉ ላይ ቆመች።
ስፌቶቹን አየች፣ ከስፌቶቹ ጀርባ ያለውን አየች።
"ቅጠል ነው አቧራ?" አለች።
ቀጥላም፣ "እንደ እማዬ ቀይ ብታደርጊው ይሻል ነበር።"

"አለበት" አልኳት።

አልገባትም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ
ስለ ሚኒባሱ ረዳት ጥጋብ ታወራኝ ጀመር፤
ቀለሙ ገና አልደረቀም።