ገመድ የበላው ድንጋይ

ከጎንደር ሲወርዱ በደቡቡ መንገድ፣
አውቶቡሱ ፍጥነት ሳይቀንስ ሲነጉድ፣
በመስኮት ታይታ እልም የምትለዋን
ማክሰኝትን ታውቃለህ?
ከገበያ ቀን ነው የወሰደችው ስሟን።

"ታሪኳን ጻፍ" አለኝ ማዘጋጃ ቤቱ፣
ሰሌዳ ለማቆም ጸድቆለት በጀቱ።
አርባ ቃል ፈቀዱ። ንጉሥ ፈለግሁላት፣
ግንብ ፈለግሁላት፤ ሁሉን ጎንደር ቀማት።
ቤተ መዝገብ ገባሁ፤ ከፈትሁት ሣጥኑን፤
ምስጥ ቀድሞ አንብቦታል፤ ተወልኝ ሽፋኑን።

ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታው ጠራኝ፤
ስሙ ይርሳው ነበር፤ እሱ ነው ያስታወሰኝ።
አሮጌ ጎማውን ከድንጋይ ላይ አንሥቶ፣
"ዳብሰው" አለኝ፣ እጄን በግራሶ እጁ ጎትቶ።

ቀዳዳ አለ ጎኑ ላይ፤ የቀዳዳው ከንፈር
በገመድ ተበልቶ እንደ ቅል ለስልሶ ነበር።
አሞሌ ጭነው የመጡ በቅሎዎች እዚህ አድረዋል፤
ዝንብ ባባረሩ ቁጥር ገመዱን ስበዋል፤
ድንጋዩ ያንን ቆጥሯል።
የይርሳው ቅድመ አያት ጫኝ ነበሩ፤ ጌታ አይደሉም፤
ስማቸው ከዚህ ቀዳዳ በቀር የትም አልተጻፈም።

አርባ ቃሌን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ።
"ድንጋይ ታሪክ ነው ወይ?" አሉኝ፤ ዝም አልሁ።
ሰሌዳው ተተከለ፤ ቀለሙ ያምራል፤
"እንኳን ደህና መጣችሁ" ይላል፣ እዚያው ያበቃል።

ማክሰኞ ለት አንዲት ሴት ፍየሏን አሰረች።
ዝንብ አረፈባት ፍየል፤ ገመዱን ሳበች።
ድንጋዩ
ቁጥሩ ላይ አንድ ጨመረ።